ኮሪደሩ ሳያልቅ

የቢሮ መታወቂያዋን ረስታ ከመንገድ ባትመለስ ኖሮ አታየውም ነበር።

በሩን ገፋ አድርጋ ስትገባ ግንበኛው በዚያ ኖራ በጠጣ ቱታው ኮሪደሩ ጫፍ ላይ ቆሟል። ዓይኖቹን ግጥም አድርጎ ጨፍኗል። ቀኝ እጁን ግድግዳው ላይ አሳርፎ፣ እንደ ድክ ድክ ባይ ሕፃን እግሩን እየመጠነ ወደ እሷ ይመጣል። የእናቷ መኝታ ቤት በር ጋ ሲደርስ ቆመና መዳፉን ወደ ላይ፣ ከዚያ ወደ ታች አንሸራተተ። የሆነ ነገር የሚፈልግ ይመስላል።

«ምን ጠፋብህ?» አለችው።

ክው አለ። ዓይኑን ሲገልጥ ሽፋሽፍቱ ላይ ያረፈው ነጭ ብናኝ ረገፈ።

«ምንም... ልስኑን እያየሁ ነው።»

«ዓይንህን ጨፍነህ?»

«ልስን በእጅ ነው የሚታየው» አለና ፈገግ ለማለት ሞከረ። አልሆነለትም።

መታወቂያዋን አንሥታ ወጣች። ታክሲ ውስጥ ሆና ግን የሚታያት እጁ ብቻ ነበር። ሰው በሰው ቤት ግድግዳ ላይ ምን ይፈልጋል?

መጠርጠር መተዳደሪያዋ ነው። በአንድ የኢንሹራንስ ኩባንያ የካሳ መርማሪ ናት። «ሱቄ ተቃጠለ» የሚል ነጋዴ ሲመጣ ከቃጠሎው በፊት ዕቃውን ማን እንዳወጣው የምትጠይቅ፣ «መኪናዬ ተገጨ» የሚል ሲመጣ ጎንበስ ብላ የጭረቱን ዝገት የምታይ እሷ ናት። ቤተሰቡ «ፖሊሷ» ይላታል። ስሙን ያወጣላት ታላቅ ወንድሟ ነው፤ ልጆች ሆነው ስኳር ሰርቆ ሲክድ፣ ከንፈሩን በጣቷ ጠርጋ ቀምሳ ስላጋለጠችው። እስከዛሬም ይቅር ያላት አይመስልም።

ቤቱ አባቷ ትተውት የሄዱት አሮጌ ቪላ ነው። ኮርኒሱ ጎብጧል፣ ፓርኬው በተራመዱበት ቁጥር ይጮኻል፣ የመታጠቢያ ቤቱ ግድግዳ ላብ እንደያዘው ሰው ይረጥባል። አባታቸው ካረፉ ወዲህ ወንድሟ «ይሸጥ» ይላል። «እማዬ አፓርታማ ትግባ። ሊፍት አለው፣ ጥበቃ አለው።» እናታቸው ደግሞ መልሳቸው አንድ ነው፤ «እኔ ከዚህ ቤት የምወጣው በአግድም ነው!»

በመጨረሻ እሷ መሃል ገባችና ውስጡ ይታደስ አለች። ሰው ጠቁሟት የቀጠረችው ይህንን ግንበኛ ነው። የሠፈሩ ሰው ሁሉ ውሃልክ ይለዋል። መሣሪያ ሳያወጣ፣ አንገቱን ዘንበል አድርጎ አይቶ «እዚህ ጋ ትንሽ ወርዷል» ካለ በእርግጥም ወርዷል ማለት ነው።

ከሁሉ የከበዳት ሰውየው ደስ የሚል መሆኑ ነው። ፍርስራሽ በሞላበት ቤት እንኳ ጫማውን ደጅ ላይ ጠርጎ ይገባል። ሲያነጋግራት «እርስዎ» ይላታል፣ ዓይኑ ግን ከቃሉ ትንሽ ቆየት ብሎ ነው ከፊቷ የሚነሣው። እሷም አንድ ቀን ልስን ልትቆጣጠር ስትወጣ ሽቶ ስትቀባ ራሷን አገኘችው። ሽቶ ተቀብቶ ልስን የሚቆጣጠር የት አለ? ያን ቀን ሽቶውን ታጥባ ወጣች። ደግሞስ ምን ሊባል ነው? ወንድሟ ባለ ዲግሪውንና ባለ መኪናውን እየጋበዘ ሲያስተዋውቃት ስንቱን የመለሰች ልጅ፣ ኮርኒስ ሊሠራ የመጣን ሰው?

ጥርጣሬው የጀመረው በሹክሹክታ ነው። ከሥራ ስትመለስ እናቷና ውሃልክ ሳሎን ውስጥ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ሲያወሩ ትደርሳለች፤ ቁልፏ በሩ ላይ ሲንኳኳ ወሬው እንደተቆረጠ ክር ይቀራል። ቀጥሎ የየክፍሉ በር ደፍ ተነቅሎ ወለሉ ልሙጥ ሆኖ አገኘችው። ውላቸው ላይ የለም። «ማን አንሣ አለህ?» ስትለው «እማማ» አለ፣ ቀና ሳይል። ከዚያ ደግሞ በኮሪደሩ ግድግዳ ላይ፣ ከወገብ ትንሽ ከፍ አድርጎ፣ በብርጭቆ ወረቀት የለሰለሰ እንጨት መግጠም ጀመረ።

«ይሄስ?»

«ለጌጥ ነው!» አሉ እናቷ ከሶፋው ላይ ቀድመው።

እናቷ በሕይወታቸው ጌጥ ወደው አያውቁም።

በዚያ ሳምንት ወንድሟ ስልክ ደወለ። «ፖሊሷ፣ እማዬን በዚያ ሰውዬሽ ፒክአፕ ገቢና ውስጥ አየኋት። ከከተማ ወዲያ ማዶ! የት ነው የሚያዞራት?»

ማታ ራት ላይ ዘወር አድርጋ ጠየቀች። «እማዬ፣ ዛሬ ወጣ ብለሽ ነበር እንዴ?»

«ቀለም ልመርጥ።»

«ምን ዓይነት መረጥሽ?»

እናቷ የሳህኑን ጠርዝ በጣታቸው ፈልገው ማንኪያቸውን አስቀመጡ። «አንቺ የምትወጂውን ነዋ!»

ቀለሙን ግን እሷ ራሷ ቀደም ብላ መርጣ ጨርሳለች፤ እናቷም ያውቃሉ። ወንድሟ በማግሥቱም ደወለ። «ቤቱ በማን ስም ነው? በእማዬ። ሰውየው የሚያስፈልገው አንዲት ፊርማ ናት። እንዲህ ያሉ አሉ፤ ባሏ የሞተባትን ሴትዮ እያጠኑ ልጄ እስክትላቸው የሚያለዝቡ። እማዬ ምን ብላ ነው የምትጠራው?»

መልሱን ታውቀዋለች። እናቷ ውሃልክን የሚጠሩት «ልጄ» ብለው ነው።

በዚያ ላይ የዝውውሩ ነገር አለ። ኩባንያው ሩቅ ከተማ ያለውን ቅርንጫፍ እንድትመራ ጠይቋታል። እናቷ ይህን ከሰሙ ጀምሮ «ሂጂ» ነው። ቁርስ ላይ ሂጂ፣ ራት ላይ ሂጂ። ሌላ ጊዜ ለስብሰባ ስትወጣ እንኳ «መቼ ነው የምትመለሺው» እያሉ የሚያለቃቅሱ ሴትዮ፣ አሁን ሻንጣ ካላወጣሁልሽ ማለት ጀመሩ። ማን መክሯቸው ነው? እሷ ከቤት ስትወጣ የሚመቸው ለማን ነው?

ነገሩ ሁሉ ገጠመላት። ሲገጥምላት ግን እንደ ሌላው ጊዜ ደስ አላላትም።

ቅዳሜ እናቷ ወንድሟ ቤት ምሳ ተጋብዘው ሄዱ። ሠራተኞቹ ግማሽ ቀን ሠርተው ወጥተዋል። ውሃልክ ብቻውን ኮሪደሩ ውስጥ ተንበርክኮ እንጨቱን ይለካል፤ የገጠመው እስከ መሃል ደርሷል። መጥታ በላዩ ላይ ቆመች።

«እናቴን የት ነው የወሰድካት?»

እጁ ሜትሩ ላይ ቀረ። ቀስ ብሎ ተነሣ።

«እማማን ይጠይቋቸው።»

«የጠየቅኩት አንተን ነው።»

«እኔ ቃል አለብኝ።»

«ለማን? ለእናቴ? እኔ በቀጠርኩህ ቤት፣ ከእኔ ተደብቆ ቃል?» ድምፅዋ ባዶው ኮሪደር ውስጥ አስተጋባ። «ደፍ ትነቅላለህ፣ ግድግዳ ትዳብሳለህ፣ ስገባ ዝም ትላላችሁ። ምንድን ነው ያስፈረምካት?»

ፊቱ ቅጥል ብሎ ቀላ፤ ወዲያው ደግሞ ደሙ ሁሉ የወረደ መሰለ። «ምን አሉኝ?»

«ሰምተሃል።»

«እኔ... እማማን?» የለበሰውን ቱታ ዝቅ ብሎ አየው፤ ለስድቡ ምክንያቱ እዚያ ላይ የተጻፈ ይመስል። «ከመቼ ጀምሮ ነው እንዲህ የሚያስቡኝ?»

«ከመጀመሪያው ቀን!»

ውሸቷን ነው። ከመጀመሪያው ቀን ስታስብ የኖረችው ሌላ ነው። ቃሉ ግን ከአፏ ወጥቷል፤ ፊቱ ላይ ሲያርፍም አየችው።

አልተከራከረም። መሮውን፣ መዶሻውን፣ መጋዙን አንድ በአንድ እየጠረገ ከረጢቱ ውስጥ አስገባ። የቤቱን ቁልፍ ከቀለበቱ አውጥቶ መስኮቱ ላይ አኖረው። በሩ ጋ ደርሶ ዘወር አለ።

«አንድ ነገር ላስቸግርዎት። እማማ ሳይመጡ ኮሪደሩ ላይ ያለውን መሰላልና የቀለም ቆርቆሮ ያንሡልኝ።»

ጆሮዋን ማመን አቃታት። በዚህ ሰዓት ስለ ቆርቆሮ!

«ውጣልኝ!»

ፒክአፑ ሁለቴ አጉረምርሞ ተነሣና ሄደ። አጭበርባሪ ያጋለጠች ቀን ከቢሮዋ ስትወጣ የሚሰማት ኩራት ነበር፤ ያን ጠበቀችው። አልመጣም። ኮሪደሩ ጥግ ፓርኬው ላይ ተቀመጠችና ጉልበቷን አቀፈች። መሰላሉንም፣ ቆርቆሮውንም አልነካቻቸውም። እልህ ነው።

ከሰዓት በኋላ ወንድሟ እናታቸውን በር ላይ አውርዷቸው ሄደ። የውጭው በር ተከፈተ። እናቷ ነጠላ ጫማቸውን እየጎተቱ ኮሪደሩ መግቢያ ላይ ደረሱ። እሷ ፊት ለፊታቸው ተቀምጣለች፤ ኩርፊያዋን ይዩልኝ ብላ አልተነሣችም። ብርሃኑ ደህና ነው። እናቷ ግን «ምን ሆነሽ ነው መሬት የተቀመጥሽ?» አላሏትም።

መዳፋቸውን እንጨቱ ላይ አሳረፉ። ከዚያም በለሆሳስ እያንጎራጎሩ፣ አንገታቸውን ቀና አድርገው፣ እንደ ወጣት መራመድ ጀመሩ። እጃቸው በእንጨቱ ላይ ይንሸራተታል። ልጃቸው እናቷ እንዲህ ዘና ብለው ሲሄዱ ካየች ቆይታለች።

ኮሪደሩ መሃል ላይ እንጨቱ አለቀ።

እጃቸው አየር ላይ ቀረ። ጣቶቻቸው ወደ ፊት ተዘርግተው ባዶውን ዳበሱ፣ ወደ ኋላ ተመለሱ፣ እንደገና ዳበሱ።

«ልጄ? ውሃልክ፣ አለህ?»

መልስ የለም። አንድ እርምጃ ሞከሩ። ቆርቆሮው ተንኳኳ፣ መሰላሉ ተንሸራተተ። እሷ ከተቀመጠችበት እንዴት እንደተነሣች አታውቅም፤ ብቻ መሰላሉን በትከሻዋ፣ እናቷን በደረቷ ተቀብላ ግድግዳው ላይ ተለጠፈች። ፊቷ ከእናቷ ፊት አንድ ስንዝር አይርቅም።

«ማነው?» ብለው ጮኹ እናቷ።

ደግመው ሳይጠይቁ እጃቸውን አንሥተው ጉንጯን ነኩ። ነኩና አወቁ። ካወቁ በኋላ ፊታቸው ላይ የመጣው የተያዘ ሌባ ፍርሃት ነው።

«ከመቼ ጀምሮ ነው እማዬ?» አለች።

መሬቱ ላይ አብረው ተቀመጡ። «ከዳር ከዳር ነው የጀመረው» አሉ እናቷ። «ሰው ከጎን ሲመጣ አጣዋለሁ። መሃሉ ይቀረኛል ስል እሱም ጉም ለበሰ። ሐኪሙ የጠፋው ብርሃን አይመለስም ብሎኛል።»

«ሐኪሙ ጋ ማን ወሰደሽ?»

«ማን ይመስልሻል? ያ ቀለም ልመርጥ ያልኩሽ ቀን ነዋ!» ትንሽ ሳቁ፤ ልጃቸው ግን አልሳቀችም።

«ለእሱ ነግረሽው እንዴት ለእኔ...»

«አልነገርኩትም። አወቀብኝ። ሻይ ስቀዳለት ከብርጭቆው ውጪ ጠረጴዛው ላይ አፈሰስኩት። ብርጭቆውን ቀስ አድርጎ ወደሚፈስሰው አስጠጋው። ከዚያ ወዲያ ልዋሸው አልቻልኩም። ዓይኑን እየጨፈነ ቤቱን ዞረው፤ የት እንደምደናቀፍ፣ እጄ የት እንደሚያርፍ ልወቅ ብሎ። ለልጄ ብትናገር ዓይንህን አፈር ይብላው ብዬ አስምዬዋለሁ።»

«ለምን? እኮ ለምን?»

«ስለማውቅሽ!» አሉ እናቷ፤ አሁን ተቆጡ። «አባትሽ የታመመ ጊዜ የወጣልሽን ዕድል ትተሽ ቀረሽ። አላማረርሽም፤ ግን አየሁሽ፤ ያኔ አይ ነበር። ሁለተኛ የአንቺን እግር አላስርም። ሄደሽ ብትቀየሚኝ ይሻለኛል።»

ማስረጃው ሁሉ እጇ ላይ ነበር፤ ደፉ፣ እንጨቱ፣ ማንኪያው፣ የተጨፈነው ዓይን። ከሁሉ ግን ያንገበገባት የመጨረሻው ነው። እንደዚያ ሰድባ ስታባርረው፣ ሰውየው በር ላይ ቆሞ ያሰበው እናቷ እንዳይወድቁ ነበር።

ሰኞ ዕለት ከሥራ ፈቃድ ጠይቃ ፈልጋ አገኘችው። አዲስ ሥራ ጀምሯል፤ የመጻሕፍት መደብር ሊሆን የታሰበ ባዶ ክፍል። መወጣጫ ላይ ሆኖ ኮርኒስ ይሰቅላል። አያት፤ አልወረደም።

«እማማ ደህና ናቸው?»

«ደህና ናት። ነገረችኝ።»

እጁ ቀዘቀዘ። ቀስ ብሎ ወረደ፤ አጠገቧ ግን አልመጣም።

«ይቅርታ ልጠይቅህ ነው የመጣሁት» አለች። መንገዱን ሙሉ ያዘጋጀችው ንግግር ነበራት፤ ጠፋባት። «ያልኩህ ነገር... ለጠላት እንኳ አይባልም።»

«እርስዎ ሥራዎ ነው» አለ። ክፋት የለበትም፤ ቅዝቃዜው ነው የገደላት። «ለእማማ ስል መጥቼ እጨርሰዋለሁ። እርስዎ ቤት በማይኖሩበት ሰዓት።»

«እኔ በሌለሁበት?»

«እንደሱ ይሻላል።»

«ለማን ነው የሚሻለው?»

መሬት መሬት እያየ በእጁ የያዘውን ብሎን ያገላብጣል።

«ለእኔ።» ከዚያ ቀና አለ። «የእማማን ቃል መጠበቅ ነበረብኝ፤ በእሱ ይውቀሱኝ። ከዚያ ሌላ ግን አንድ የደበቅኩት ነበር፤ እሱን አላገኙብኝም። ሠራተኞቼ የሚገቡት አርፍደው ነው። እኔ ለምን በማለዳ እንደምመጣ ጠይቀውኝ ነበር፤ ትዝ ይልዎታል?»

«ልስኑ ሳይደርቅ ልየው ብለኸኝ ነበር።»

«ልስን ባልነበረበትም ሳምንት በማለዳ መጥቻለሁ። ልስን አይደለም። አንቺ ከቤት የምትወጪው በዚያ ሰዓት ስለሆነ ነው።»

አንቺ። ቃሉ ከአፉ አምልጦ መሃላቸው ቆመ። እሱም ሰማው፤ ደነገጠ።

«ይቅርታ፣ እርስዎ ለማለት...»

«አትመልሰው!» አለች። እጇ ሳታስበው ወደ ፊት ተዘርግቷል። «ያልከውን አትመልሰው።»

ከዚያ ማልቀስ ጀመረች፤ ለዓመታት በሰው ፊት አላለቀሰችም። «እኔ እኮ ማመን አልችልበትም። አሁን እንኳ፣ እዚህ ቆመህ እንዲህ እያልከኝ፣ አንድ ልቤ 'ለምን እንዲህ አለሽ?' እያለኝ ነው። ነገም ልጠረጥርህ እችላለሁ።»

ውሃልክ ተጠጋት። ሊነካት ፈለገና የኖራ እጁን አይቶ ተወው። እሷ ግን እጁን እንዳለ ያዘችው።

«ጠርጥሪ» አለ በዝግታ። «ብቻ ጠይቂኝ። ሳትጠይቂ ፈርደሽ ቁልፍ አታስመልሺኝ። እሱን ሁለተኛ አልችለውም።»

ወደ ቤቷ ስትመለስ መዳፏ ነጭ ነበር። አልታጠበችውም።

ሥራው ባለቀ በሳምንቱ እሑድ ከሰዓት፣ ወንድሟ ሳይደውል መጣ። እናታቸው ሁሉንም በስልክ ነግረውታል፤ ዓይኑ ቀልቷል፣ ግን አላለቀስኩም ባይ ነው። ሳሎን ሲገባ ውሃልክ ንጹሕ ሸሚዝ ለብሶ፣ ፀጉሩን ተስተካክሎ፣ ሶፋው ጫፍ ላይ እንደ ተፈታኝ ተማሪ ተቀምጧል።

«ሥራው አልቋል አላላችሁኝም?» አለ ወንድሟ ከበሩ ሳያልፍ።

«አልቋል» አለች።

«ታዲያ እሱ ምን ቀረው?»

እናቷ ጆሯቸውን ወደ እሷ አዘነበሉ። ውሃልክ ሊነሣ ቃጣው፤ ዓይኑ ግን እሷ ላይ ነበር፣ ምን እንደምትል ፈርቶ። እሷም ያን ፍርሃት አየችው፤ በሕይወቷ ማንም ሰው ከእሷ አፍ ለምትወጣ ቃል እንዲህ ፈርቶ አያውቅም።

«የመጣው ለእኔ ነው፣ ወንድም ጋሼ» አለች።

ወንድሟ ተራ በተራ አያቸው። የውሃልክን የተሰነጣጠቁ ጣቶች አየ፣ የእህቱን ቀጥ ያለ አንገት አየ። «ዝውውሩስ?»

«እሄዳለሁ። የአንተ ትልቋ ልጅ ትምህርት ቤቷ ለዚህ ስለሚቀርብ ከእማዬ ጋር ትሆናለች። አንተም እየመጣህ ትጠይቃለህ፤ አፓርታማ የምታፈላልግበት ጊዜ ይተርፍሃል።»

«እኔ ዕቃ ነኝ እንዴ የምትከፋፈሉኝ?» አሉ እናቷ።

ወንድሟ አልሳቀም። ወደ ውሃልክ ዞረ። «እሷ ስትሄድስ አንተ ምን ልትሆን ነው?»

«እዚያም ግድግዳ አለ» አለ ውሃልክ።

በመጀመሪያ እናቷ ፈነዱ። ሳቃቸው ኮሪደሩን ሞልቶ እስከ ጓዳ ተሰማ። ወንድሟ ከንፈሩን ነክሶ ታገለ፤ አልቻለም፣ እየተቆጣ ሳቀና የእናቱ አጠገብ ተቀምጦ እጃቸውን ያዘ። እሺ አላለም። እምቢም አላለም። ውሃልክን በጎን ያየው ጀመር። እሷ ይህን አስተያየት ታውቀዋለች፤ የራሷ ነው።

ሻይ ልታቀርብ ተነሥታ፣ በሩ ጋ ደርሳ ዞር አለች። ውሃልክ እያያት ነበር፤ ዛሬ ዓይኑን አልሰበረም። ያቺ አንድ ልቧ አሁንም ውስጧ አለች፤ «ለምን እንዲህ ያይሻል?» ትላለች። ለመጀመሪያ ጊዜ ጥያቄው አላስፈራትም። ሻዩን ተወችውና ተመልሳ አጠገቡ፣ ትከሻዋ ትከሻውን እስኪነካ ተጠግታ ተቀመጠች፤ ልቧ እየደለቀ፣ ወንድሟ እያየ።